ውሃ ውስጥ የቆየ ወረቀት

እናቴ በሙያ የምትታማ ሴት አልነበረችም። ሽንኩርት ስትከትፍ ዓይኗ እኔ ላይ ሆኖ ታወራኛለች፣ እጇ ግን ለብቻው ሥራውን ይሠራል። የድንች ልጣጭ ከላይ ጀምሮ እስከ ታች ሳይበጠስ ይወርድላታል፤ እኔም ልጣጩን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ ሐብል ነው እያልኩ እዞር ነበር። ጎረቤት እንግዳ ሲመጣበት «እስኪ አንዴ ነይና እጅሽን አስነኪልን» ብሎ የሚጠራው እሷን ነው። እንግዲህ ይህች ሴት ከሩዝ የተሠራች አንዲት ስስ ወረቀት ውሃ ውስጥ ነክራ ማውጣት አቅቷት፣ የአንድ ክፍል ሰው መሳቂያ ስትሆን ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ልጅ ብሆንም ቆሽቴ ያርር ነበር።

የወጥ ቤት ትምህርቱ የሚሰጠው ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ባለው ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ጠባብና ጨለማ ነው፤ ታች ሆነን የሚሸተን የመድኃኒት ሽታ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በነጭ ሽንኩርትና በዓሣ ሽታ እየተተካ ይሄዳል። ክፍሉ ውስጥ ረጃጅም የብረት ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል፣ ምድጃዎቹ በመስኮቱ በኩል ናቸው። በሩ አጠገብ ያለው ግድግዳ ላይ ደግሞ ፎቶዎች አሉ። ነጭ ካፖርት የለበሱ፣ ነጭ ቆብ የደፉ ሴቶች በሚያብረቀርቁ ወጥ ቤቶች ውስጥ ቆመው ይስቃሉ። ትምህርቱን ጨርሰው ያለፉ ናቸው ብለውኛል። ያንን ግድግዳ እንደ ቴሌቪዥን ነበር የማየው።

አንቺ ደግሞ እዚያ ምን ትሠሪ ነበር ብትሉኝ፣ የሚይዘኝ ሰው ስላልነበረ ነው። አባቴን በሕይወት አላውቀውም። የምንኖረው በእናቴ ታላቅ እህት ቤት ነው። አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ምላሷም ከመቀሷ አይተናነስም። እኔ ትምህርት ቤት የምውለው እስከ ምሳ ብቻ ስለነበር፣ «መቀስና ካውያ በተበተነበት ቤት ልጅ አልጠብቅም፣ ይዘሻት ሂጂ» ትላለች። እናቴም ይዛኝ ትሄዳለች። ባዶ የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው መቀመጫ አደረጉልኝ። ሥራዬ ዝም ብሎ መቀመጥና የተሠራውን መቅመስ ነበር። እንደዚያ ያለ ሥራ ከዚያ ወዲህ አግኝቼ አላውቅም።

አስተማሪዋን ሁሉም ሼፍ ነው የሚላት። ታይላንድ ድረስ ሄዳ የተማረች፣ አጠር ደልደል ያለች ሴት ናት። ድምጿን ከፍ ስታደርግ ሰምቼ አላውቅም፤ ግን መናገር ስትጀምር ሁሉም ቢላውን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል። ትኩስ ያልሆነውን፣ የማይጠበሰውን ስፕሪንግ ሮል ስታስተምር የተናገረችው ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

«ስሙኝ፣ ይሄኛው ዘይት አይነካም። ስለዚህ ጥፋታችሁን የሚሸፍንላችሁ ነገር የለም። ወረቀቷን ለብ ባለ ውሃ ንከሯት፣ ገና ደረቅ ናት ብላችሁ ስታስቡ አውጧት። የቀረውን መክተፊያው ላይ ራሷ ትጨርሰዋለች። እስክትለሰልስ ከጠበቃችኋት ግን አለቀላችሁ፣ እጃችሁ ላይ ትቀራለች።»

ከዚያ ሠርታ አሳየች። ወረቀቷ ከውሃው ስትወጣ እንደ ፕላስቲክ ቀጥ ብላ ነበር። ሰላጣውን፣ በቀጭኑ የተቆረጠውን ካሮትና ኪያር፣ ናናውን፣ እንደ ክር የቀጠነውን የሩዝ ፓስታ እስክታዘጋጅ ድረስ ለስልሳ ጠበቀቻት። ለሁለት የተሰነጠቀ ሽሪምፕ ቀላ ያለውን ጎኑን ወደ ታች አድርጋ አስተኛች፣ ሌላውን ሁሉ በላዩ ደረደረች። ከታች አጠፈች፣ ግራና ቀኙን ወደ ውስጥ መለሰች፣ ጠበቅ አድርጋ ጠቀለለች። ስትገለብጠው ሽሪምፑ በስሱ ወረቀት ውስጥ ሮዝ ሆኖ ታየ። ሎሚና ቃሪያ ያለበት የኦቾሎኒ ማጥቀሻ ውስጥ ነክራ የመጀመሪያውን ለእኔ ሰጠችኝ። ቅዝቃዜው፣ የናናው ሽታ፣ የካሮቱ ኮሽታ አንድ ላይ አፌ ውስጥ ገቡ። ትኩስ ያልሆነ ምግብ እንዲህ ይጥማል እንዴ ብዬ ገረመኝ።

ተማሪዎቹ ተራ በተራ ሞከሩ። የአንዷ ላላ፣ የሌላዋ እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ አበጠ፤ ያም ሆነ ይህ ሁሉም ጠቀለሉ። የእናቴ ወረቀት ብቻ ውሃ ውስጥ ቆይታ ቆይታ ስትወጣ እንደ እርጥብ ሶፍት ጣቶቿ መሃል ተልፈሰፈሰች፤ ልትዘረጋት ስትል ተቀደደች። ሌላ ነከረች። እሷም ተቀደደች። «ወይ ጉድ» አለች እናቴ፣ ብዙም ሳትደነግጥ።

በማግስቱም እንዲሁ ሆነ፣ በሳምንቱም እንዲሁ። ከጎኗ የምትሠራ አንዲት ወጣት ነበረች፤ ነገር ሁሉ ስለሚያስቃት ሳቂታዋ ይሏታል። «ቀዳጇ፣ ዛሬስ ስንቱን ልትጨርሺው ነው?» ትላታለች እናቴን። ቀዳጇ የሚለው ቅጽል በዚያው ስም ሆኖ ቀረ። እናቴ አብራ ትስቃለች። እኔ ሳጥኔ ላይ ሆኜ ጥርሴን እነክሳለሁ። የሰፈሩ ሰው በሙያዋ የሚምልባት ሴት እዚህ መጥታ ቀዳጇ ትባል? ሼፍ ያለችውን ለምን እንደማትሰማ ሊገባኝ አልቻለም። እኔ እንኳ ከሩቅ ሆኜ ወረቀቷ የምትወጣበትን ሰዓት አውቀዋለሁ። እናቴ ግን ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ነው እጇን የምትሰደው።

እንድታልፍ የፈለግሁትን ያህል በሕይወቴ የፈለግሁት ነገር የለም። ሐሳቤ እንዲህ ነበር። ያለፈ ሰው ነጭ ካፖርት ይለብሳል። ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው የሚያብረቀርቅ ወጥ ቤት ውስጥ ይሠራል። ማታ ማታ ደግሞ የተረፈውን ጣፋጭ በፌስታል ይዞ ወደ ልጁ ይመለሳል። ይህን የነገረኝ ሰው የለም፤ ፎቶዎቹን እያየሁ ራሴ ነኝ የደመደምኩት።

ዛሬ አርባን ተሻግሬያለሁ፤ ያኔ እዚያ ክፍል ውስጥ ሁሉም የሚያውቀውን እኔ ብቻ አለማወቄ አሁንም ይከነክነኛል። ትምህርት ቤቱን የከፈተው ሴቶችን ሰው አገር ለቤት ሥራ የሚልክ ኤጀንሲ ነበር። ያለፈች ትሄዳለች፣ ያላለፈች ትቀራለች። እነዚያ የሚያብረቀርቁ ወጥ ቤቶች በአውሮፕላን ካልሆነ የማይደረስባቸው ነበሩ። እናቴን የመረጠው ቤተሰብ የታይ ምግብ የሚወድ ስለነበር ሾርባውንም፣ ሩዙንም፣ የተጠበሰውን ፓስታም ተፈትና አልፋለች፤ ያውም ከሁሉ በልጣ። የቀራት ያ እሳት የማይነካው ጥቅልል ብቻ ነበር። እኔ «እለፊ፣ እለፊ» እያልኩ ስመኝላት፣ ሂጂልኝ እያልኳት ነበር ማለት ነው።

ቤት ውስጥ ወሬው እየተቆራረጠ ነበር የሚደርሰኝ። አንድ ቀን ከአክስቴ የስፌት መኪና አጠገብ ተቀምጬ ቁልፍ እለቅማለሁ። አክስቴ ጨርቁን ወደ ዓይኗ አስጠግታ፣ አርቃ፣ እንደገና አስጠግታ ታየዋለች።

«እንዴት ነው ያ ነገር?» አለቻት እናቴን፣ ቀና ሳትል።

«አልሆነልኝም እትዬ።»

«አንቺ ነሽ የማይሆንልሽ?»

«ወረቀቱ እጄ ላይ ይቀደዳል።»

አክስቴ ፔዳሉን አቆመች። «ሐኪሙ ያለኝን ነግሬሻለሁ። ዛሬ የሰው ሱሪ እግር በተቃራኒው ሰፍቼ ፈታሁ። እኔ ይሄን መኪና ስለቅ ማን ያበላናል? ለዚች ልጅ አስቢላት እንጂ።»

«እሷን ነው እኮ የማስበው» አለች እናቴ።

አክስቴ ፔዳሉን መልሳ ረገጠች። እኔ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቴ ስላልቻለች አክስቴ ተቆጥታለች፣ ስለዚህ እናቴን መርዳት አለብኝ።

በዚያው ሳምንት ሼፍ ጫፍ ጫፋቸው የተሸራረፉ ወረቀቶች በፌስታል ቋጥራ ሰጠቻት። «ቤትሽ ተለማመጂበት» አለቻት። እናቴ ቤት ስትደርስ ቁም ሳጥኑ ላይ ወርውራ ረሳችው። ያወረድኩት እኔ ነኝ። ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኩት፣ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ውሃ ሞላሁ፣ የአክስቴን ትሪ መክተፊያ አድርጌ ጀመርኩ። መጀመሪያ ሁሉም ተልፈሰፈሰብኝ። በኋላ ብልሃቱን ደረስኩበት። ወረቀቷን ዳርና ዳር ይዞ ውሃው ውስጥ እንደ መኪና መሪ አንድ ዙር ማዞር ነው። ዙሩ ሲያልቅ ማውጣት። ከዚያ በላይ ምንም የለውም።

«እማዬ፣ ነይ ላሳይሽ» አልኳት።

መጣች። ካሮትና ሰላጣ ብቻ ነበር ያለን። ጠቀለልኩና ሰጠኋት። መዳፏ ላይ አድርጋ አገላብጣ አየችው።

«ማን አስተማረሽ?»

«ራሴ ነኝ። እንደ መሪ አዙሪው፣ አንዴ ብቻ፣ ከዚያ አውጪው። አንቺ እኮ ውሃው ውስጥ ትረሺዋለሽ፣ ለዚያ ነው።»

«ጎበዝ፣ የኔ እናት» አለች። ድምጿ ግን ደስታ አልነበረበትም። ልጇ ስለበለጠቻት ከፍቷት ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ እንድትረሳው ብዬ ወዲያው ሌላ ወሬ አመጣሁ።

ወሬው ስለ ትምህርት ቤታችን ዘበኛ ነበር። በግ ያሳደደው ዕለት ጫማውን ጥሎ በአጥር ዘሎ መውደቁን፣ በጉ ደግሞ ጫማውን ሲያሸት መቆየቱን እየተነሳሁ እየተቀመጥኩ ተረኩላት። እናቴ በሳቅ ፈረሰች። እየሳቀች ዝም ብላ ወረቀት ታነሳለች፣ ትነክራለች፣ ታወጣለች፣ ካሮቱን ትጨምራለች፣ ትጠቀልላለች፤ ዓይኗ አንዴም ወደ ሳህኑ አልሄደም። ወሬዬን ስጨርስ ትሪውን አየሁት። ጥቅልሎቹ ተርታ ተኝተዋል፤ ሁሉም እኩል፣ ሁሉም ጠበቅ ያሉ። አንድም የተቀደደ የለም።

«እማዬ፣ ቻልሽ» አልኳት።

ሳቋ ቆመ። እጆቿን የሌላ ሰው ይመስል አየቻቸው፣ ከዚያ በቀሚሷ ጠረገቻቸው።

«በአጋጣሚ ነው።»

«ይሄ ሁሉ?»

«እሺ፣ ቻልኩ። ለማንም እንዳትናገሪ ታዲያ።»

ሳቂታዋን ጉድ ልታደርጋት ፈልጋ ነው ብዬ ልቤ ቅቤ ጠጣ። በማግስቱ ሳጥኔ ላይ ተደላድዬ ተቀመጥኩና ጉዱን ጠበቅሁ። እናቴ ወረቀቷን ነከረች። ጠበቀች። ጠበቀች። ተቀደደች። ሳቂታዋ ከት ብላ ሳቀች። የሰው ዓይን ስለሚከብዳት ነው እንጂ ቤቷ እኮ ትችላለች ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም፤ ግን አትናገሪ ብላኛለች።

የዚያን ዕለት ሁሉም ወጥቶ እናቴ ጠረጴዛ ስትወለውል ሼፍ አጠገቧ መጣች። ዝግ ብላ ነበር የተናገረችው፤ ልጅ ደግሞ ዝግ ያለውን ነው የሚሰማው።

«እኔ ዓይን አለኝ» አለቻት።

እናቴ መወልወሏን አላቆመችም። «አውቃለሁ ሼፍ።»

«እስከ መቼ ነው?»

«ትንሽ ጊዜ ብቻ።»

«የኤጀንሲዋ ሴትዮ ሰኞ ራሷ ልትፈትን ትመጣለች። ሰኞም ከቀደድሽው ነገሩ ከእጄ ወጣ። ቦታው ለሌላ ይሰጣል።»

እናቴ ጨርቁን ጨምቃ ባልዲው አፍ ላይ ሰቀለችው። «ይሰጣ» አለች።

ለሌላ ይሰጣል። እኔ ወዲያው የታየኝ ካፖርቱ ነው። የእናቴን ነጭ ካፖርት ሳቂታዋ ለብሳው፣ ግድግዳው ላይ ሆና ስትስቅብን። እሑድን ሙሉ እናቴን መሪ ሳስዞራት ዋልኩ። የድስት ክዳን አስይዤ «አንዴ ዙሪ፣ አውጪ» እላታለሁ። «እሺ አስተማሪዬ» ትለኛለች። ደጋግማ ታቅፈኝ ነበር። ማቀፉን ትተሽ ተለማመጂ ብዬ እስክቆጣት ድረስ።

ነገሩን የነገረችኝ አክስቴ ናት፤ እኔ አድጌ፣ እሷም ዓይኗ ጨርሶ ከጠፋ በኋላ። «እናትሽ አውቃ ነበር የምትቀደው» አለችኝ፤ እጄን ፈልጋ ያዘች። «እኔን እምቢ ማለት አልቻለችም። አንቺን ጥሎ መሄድም አልቻለችም። ስለዚህ በወረቀት አመካኘች። እኔም ገብቶኝ ነበር። ገብቶኝ ነው ዝም ያልኩት። ምን ላድርግ፣ ሦስታችንም የምንበላው ከዚህ ዓይን ነበር።» አልተቀየምኳትም። ልቀየማት ብዬም ሞክሬ ነበር፣ አልሆነልኝም።

ሰኞ ደረሰ። የኤጀንሲዋ ሴትዮ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ጫማዋ ቋ ቋ የሚል ሴት ናት። ከጠረጴዛው ፊት ወንበር ተደርጎላት ተቀመጠች። ሼፍ መስኮቱ ጋ ቆማ ወደ ውጭ ታያለች። ሳቂታዋ እንኳ አትስቅም። እናቴ ካሮቱን ቆረጠች፣ ኪያሩን ቆረጠች፣ ሽሪምፑን ሰነጠቀች፤ ሁሉንም እንደ ማሽን። ሴትየዋ መነጽሯን አድርጋ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ እናቴ ወረቀቷን አንስታ ውሃው ውስጥ ከተተች።

አዞረቻት። አንድ ዙር አለቀ። አሁን አልኩ በሆዴ። እናቴ አላወጣችም። ዓይኗን ውሃው ላይ ተክላ ቆመች፤ ሌላ ነገር ታስብ ይመስል ፊቷ ጸጥ ብሏል። ወረቀቷ ጠርዝ ጠርዟ መልፈስፈስ ሲጀምር ከሳጥኔ ላይ ይታየኛል። ረሳችው፣ ዛሬም ረሳችው። ካፖርቱ ሄደ። ሳጥኔ ላይ ተነስቼ ቆምኩና ባለ በሌለ ድምፄ ጠራኋት።

«እማዬ፣ አውጪው!»

ክፍሉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እናቴም ቀና አለች። አየችኝ፤ ረጅም ነበር አስተያየቷ። ከዚያ እጇን ሰዳ ወረቀቷን አወጣቻት።

ትንሽ ለስልሳ ነበር፤ ሌላ ሰው ቢሆን ትቀደድበት ነበር። እናቴ ግን በጣቷ ጫፍ ብቻ ዘረጋቻት፣ አንድም ቦታ ሳትሸበሸብ። ደረደረች፣ አጠፈች፣ ጠቀለለች። ሽሪምፑ ሮዝ ሆኖ ታየ። ሴትየዋ ቆረሰች፣ አኘከች፣ መነጽሯን አወለቀች። «ይሄን የሚያህል ሙያ ይዘሽ ነው እንዴ ስታስቸግሪ የነበረው?» አለቻት። «በቃ፣ አልፈሻል።»

እኔ እየዘለልኩ አጨበጨብኩ። ሼፍ ከመስኮቱ አልዞረችም። ሳቂታዋ ፊቷን በሽርጧ ሸፍና ስታለቅስ አየኋትና፣ እሰይ፣ ቅናት ይዟት ነው አልኩ። ሳቂታዋ ሁለት ልጆች እንደነበሯትና እሷም በቀጣዩ ወር እንደሄደች የሰማሁት በኋላ ነው። ደረጃውን ወርጄ የመድኃኒት ቤቱን ሰውዬ «እናቴ አለፈች» አልኩት። ከንፈሩን መጠጠና ብርቱካን ብርቱካን የሚል ቫይታሚን ሰጠኝ። ቤታችን እስክንደርስ ላገኘሁት ሁሉ ስናገር ሄድኩ። እናቴ እጄን ይዛኝ ነበር፤ የላቧ እርጥበት እስካሁን መዳፌ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሳ ስትመጣ በቁመት በልጫት ነበር። እንደማይተዋወቁ ሰዎች «ደክሞሽ ይሆናል»፣ «አይ፣ ደህና ነኝ» ስንባባል ሰነበትን። አንድ ቀን ምሳ በልተን ሳህን ሳጥብ ጠየቅኋት። ያን ቀን ለምን አወጣሽው አልኳት።

«ልተወው ነበር» አለችኝ። «አንድ ትንፋሽ ያህል ነበር የቀረኝ። ከዚያ ስትጠሪኝ ቀና ብዬ አየሁሽ። ፊትሽ ቲማቲም መስሏል። ይሄ ሁሉ ሰው እየሰማ በእናትሽ ነው የተማመንሽው። የማንም መሳቂያ ብሆን ግድ አልነበረኝም። አንቺ ፊት መውደቅ ግን አቃተኝ ልጄ።» ሳህኑን ከእጄ ተቀብላ ማድረቅ ጀመረች። ሁለታችንም አለቀስን፤ ያለቀስነው ግን ለየብቻችን ነበር። ያኔ የሄደብንን መመለስ አልቻልንበትም።

የሄደችበት ቀን እንደማንኛውም የትምህርት ቀን ነው የጀመረው። ሻንጣዋን አክስቴ ቀደም ብላ አስወጥታው ኖሯል፤ እኔ አላየሁም። ለልጅ አይነገርም፣ ቀስ እያለች ትለምደዋለች ብለው ተማክረው ነበር። እናቴ አዲስ ጫማ አድርጋ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ሸኘችኝ። ሸኝታኝ አታውቅም ነበር።

«ዛሬ ነው ሥራ የምትጀምሪው?» አልኳት።

«አዎ፣ ዛሬ ነው።»

«ካፖርቱን እዚያ ነው የሚሰጡሽ?»

«እዚያ ነው።»

ቁጢጥ ብላ የኮሌታዬን ቁልፍ ቆለፈችው። ፈታችና እንደገና ቆለፈችው። «አክስትሽን እንዳታስቸግሪያት» አለችኝ። ደወሉ ሲደወል ልሮጥ አልኩ፤ ኮሌታዬን አልለቅ አለች። «እማዬ፣ ሊረፍድብኝ ነው» አልኳት። ያኔ ለቀቀችኝ። ዞሬ አላየኋትም፤ ማታ የማገኛትን ሰው ዞሬ የማይበት ምክንያት አልነበረኝም።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ከፌስታሉ የቀሩትን ወረቀቶች አወረድኩ። የመጀመሪያ የሥራ ቀኗ ነው፣ ደክሟት ነው የምትመጣው፣ ሌላ ሰው ደግሞ ለእሷ ይሥራላት እንጂ። ካሮቱን ያለ የሌለ ኃይሌን አውጥቼ አቀጠንኩት። ጠቀለልኩና ሳህን ላይ ደረደርኩ። አክስቴ ከስፌት መኪናው ኋላ ተቀምጣለች፤ ፔዳሉን አትረግጥም።

«ለማን ነው?» አለችኝ።

«ለእማዬ። ማታ ስትመጣ ትበላዋለች።»

አክስቴ አፏን ከፈተች። ምላስዋ የማይያዝላት ሴት ምንም ሳትናገር መልሳ ዘጋችው። ሼፍ ያስተማረችው ነበር፤ ጥቅልሉ አየር ካገኘው ይደርቅና ይሰነጣጠቃል፣ እርጥብ ጨርቅ ይልበስ። ንጹሕ ጨርቅ አረጠብኩና አለበስኩት። ሲመሽ ጨርቁ መድረቅ ጀመረ፣ እንደገና አረጠብኩት። በሩን እያየሁ ቁጭ አልኩ። «ተኚ፣ ስትመጣ ትቀሰቅስሻለች» አለችኝ አክስቴ፤ ተሸክማ አልጋ ላይ አስተኛችኝ።

ጠዋት ስነቃ ሮጬ ወደ ሳህኑ ሄድኩ። ጥቅልሎቹ አንዱም አልጎደለም። ጨርቁን ግን ስነካው እርጥብ ነበር፤ አሁን ከውሃ የወጣ ይመስል ጫፉ ይንጠባጠባል።

«እማዬ መጥታ ነበር» አልኩ። «ጨርቁን አርጥባዋለች። መጥታ ነበር አይደል?»

አክስቴ ሳህኑ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። የትናንቱን ልብስ አልቀየረችም፤ ዓይኖቿ አብጠዋል።

«መጥታ ነበር» አለችኝ።

«ለምን አልበላችም?»

«ላንቺ ብላ ነው። ለልጄ ይሁን አለች። በማለዳ ወደ ሥራዋ ሄደች። ብዪ በይ።»

እርቦኝ ነበር፤ አንዱን አንስቼ ገመጥኩ። ቀዝቃዛ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ የትም አልተሰነጠቀም። ለአክስቴም ዘረጋሁላት፤ ለመቀበል እጇን ስትሰድ ጣቶቿን አየሁ። ውሃ ውስጥ እንዳደሩ ነጥተው፣ ጫፍ ጫፋቸው ተጨማዷል። ሌሊቱን ልብስ ስታጥብ ያደረች መሰለኝ፣ አሳዘነችኝ።

«ብትቀሰቅሺኝ እኮ አግዝሽ ነበር» አልኳት።